ሦስት ቋጠሮ ለፍሬን

ኮልፌ ከነበረው የጣሊያኖች አውቶብስ ኩባንያ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከሚያድሩት መኪኖች ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት አውቶብስ ነበረች። ጥቁር ጣሪያዋ ቆብ የደፋች መነኩሴ ስላስመሰላት ሠራተኛው «እማሆይ» ይላታል። ከጦርነቱ በፊት የአንድ አርመን ነጋዴ ንብረት ነበረች፤ ጣሊያን ሲገባ ነጋዴው አገር ለቆ ሄደ፣ እሷም ተወረሰች። ለነጮቹ አዳዲሶቹ መኪኖች ተመደቡ። እማሆይ ለአገሬው ተተወችና ጠዋት ከኮልፌ ተነሥታ በአስኮ በኩል ሆለታ፣ አንዳንዴም አዲስ ዓለም ደርሳ ትመለሳለች። አሮጌ ለአሮጌ ማለታቸው ነው። እንዲህ ነበር የሚያዩን።

እማሆይን በሕይወት ያቆያት ዱባለ ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ጥበብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ ግን «የሸማኔ ልጅ» መባሉ ስለመረረው በአሥራ ስድስት ዓመቱ መወርወሪያውን አስቀምጦ አርመኑ ጋራዥ ተቀጠረ። አርመኑ አሠራው እንጂ አላስተማረውም። ሽቦ ሲያገናኝ ጀርባውን ያዞራል፤ ከተቀመጠበት የሚነሣው ክዳኑን ገጥሞ ነው። ዱባለ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰውዬው ብብት ሥር እያጮለቀ፣ ጥቂት በጥቂት ሰርቆ ተማረ። ሙያ ማለት ተደብቆ የሚሠራ ነገር ነው ብሎ ያመነው ያኔ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይላል፤ ለሚስቱ ለተሻለች እንኳ ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ አይነግራትም።

የእማሆይ የድሮ ሽቦዎች ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሱ ነበሩ። ጨርቁ አርጅቶ ሲላጥ ዱባለ አንድ በአንድ እያወጣ ጣላቸውና ከወታደር ስልክ በተረፈ ጥቁር ሽቦ ተካቸው። የትኛው የት እንደሚገባ ለመለየት በየጫፋቸው ከአባቱ ድር የተረፈ ክር አሰረባቸው። ባለ አንድ ቋጠሮው ከባትሪ የሚመጣው ነው። ባለ ሁለቱ የፊት መብራት፣ ባለ ሦስቱ የፍሬን መብራት፣ ባለ አራቱ የክላክስ። አራቱም ከሾፌሩ ወንበር ሥር ካለች የብረት ሳጥን ገብተው በብሎን ይታሰራሉ። ክሩ በቅባት ጠቁሮ ስለነበር የሚያየው መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሳጥኑን ቢከፍት አራት ጥቁር ሽቦ አይቶ መልሶ ይዘጋዋል።

መብራት ጠፋ ሲባል ሌላው መካኒክ መጀመሪያ አምፑል ይቀይራል። ዱባለ አምፑሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሽቦ የተቀጠለላት ትንሽ አምፑል ከኪሱ ያወጣና አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ብረት፣ ሌላውን ከሽቦው እያስነካ ኮረንቲው የት ድረስ እንደደረሰ፣ የት እንደቀረ ይከተላል፤ የጠፋች ላም ዱካ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። የፊት መብራት ሲፈዝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ማሳው ላይ ነው። ማሳ የሚሉት ኮረንቲው በመኪናዋ ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ማሠሪያ ነው፤ ዝገት ይበላዋል። በቢላ ፍቆ ብረቱን ነጭ ሲያደርገው መብራቱ ቦግ ይላል። የፍሬን መብራት እምቢ ሲል ደግሞ ከፔዳሉ ሥር ያለችውን ማብሪያ ያያል፤ የሆለታ ጭቃ ይሞላታልና። ጠርጎ ሲጨርስ ሾፌሩን ፍሬን ያስረግጥና ከኋላ ያለው የጋራዡ ግድግዳ ቀይ ሲሆን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

እስከዚህ ድረስ የሚመሰገን ሰው ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዱባለ ሳጥኑን ከመዝጋቱ በፊት ከብሎኖቹ ሁለቱን ግማሽ ዙር ያላላቸዋል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ እማሆይ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከተንገጫገጨች በኋላ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ መብራት ታጣለች። ሌላ መካኒክ ሳጥኑን ከፍቶ ግራ ይገባዋል። የጋራዡ አለቃ ሲኞር ቶዚ «ዱባለ! የት ሄደ ዱባለ?» እያለ ግቢውን ያምሰዋል። ዱባለ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጀርባውን ያዞራል፣ በሩብ ሰዓት ያድናታል። በሽተኛው ጨርሶ ከዳነ ሐኪሙን ማን ይፈልገዋል?

ይህን ያደረገው ከክፋት አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። በየካቲቱ እልቂት ታላቅ ወንድሙን መሸሻን ከደጃፉ ወስደው አልመለሱትም። ዱባለ ከመሸሻ ጎን ቆሞ ነበር። እሱን ያተረፈው የኩባንያው ማኅተም ያለበት የሥራ ወረቀት ነው፤ ከደረቱ አውጥቶ አሳየ፣ ወታደሩ አንብቦ ገፈተረውና ወንድሙን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አሠረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ዱባለ ግን ሞኝ አልነበረም። ወረቀቱ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። እማሆይን ሌላ ሰው መጠገን የቻለ ዕለት እንደማይታደስ ያውቃል።

የእማሆይ ሾፌር ይገዙ ይባላል፤ የመንዝ ሰው፣ ሳቂታ፣ መንገድ ላይ ለቆመ ሁሉ ክላክስ ሳያሰማ የማያልፍ። ሚስቱ ወለተጻድቅ ልጅ አልወለደችለትም። ስለዚህ የዱባለን ልጅ ወርቅዬን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ክርስትና ሲያነሣ በደስታ የሚያደርገውን አጥቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች በስም አይጠራሩም፤ «አበልጄ» ነው የሚባባሉት። ይገዙ ከሆለታ ሲመለስ ለወርቅዬ እሸት ወይም እንቁላል ሳይዝ መጥቶ አያውቅም።

«አበልጄ» አለው አንድ ቀን፣ ዱባለ ሳጥኑን ሲዘጋ ደርሶ። «መንገድ ላይ መብራት ሲጠፋብኝ እኮ እንደ ዕውር ነው የምሆነው። ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ መብራት ከሌለ መጀመሪያ ጥፊ ነው፣ ቃሉ በኋላ ነው። እስቲ አንዴ ብቻ አሳየኝ።»

«ያንተ ሥራ መንዳት ነው። ንዳ» አለ ዱባለ። «ኮረንቲ ይገድላል።»

«የባትሪ ኮረንቲ? እኔን?»

«ተወኝ አበልጄ።»

ይገዙ ሳቀና ተወው። ደግሞ አልጠየቀም። ዱባለ ግን ከዚያ በኋላ ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር ይገዙ መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ ዓይኑን ወደ ታች ጣል ሲያደርግ ያየዋል። አንድ ጠዋት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዘው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይገዙ እየቆጠረ ነበር። ዱባለ ራሱ አርመኑን እንዲሁ በብብቱ ሥር እያየ ነው የተማረው፤ የሚቆጥር ከንፈር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ሲኞር ቶዚ በተሰባበረ አማርኛው ቀለደበት። «ሾፌር ራሱ መብራት ቢሠራ፣ ዱባለ ምን ይሠራል? መንገድ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ድንጋይ ብዙ፣ ዱባለ አንድ!» ብሎ ሳቀና ትከሻውን መታው። ቀልድ ነው፤ ቶዚ ስለ ይገዙ መቁጠር ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ዱባለ ግን ይገዙ ነግሮበት መሰለው። ለምን እንደመሰለው እንጃ። ፈሪ ሰው የገዛ ጥላውንም ይጠረጥራል።

ሲመሽ ሁሉም ከግቢው ሲወጣ ዱባለ ሳጥኑን ከፈተ። ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ባለ ሁለት ቋጠሮውን ክር ፈታ፤ ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ላይ ባለ ሦስቱን ፈታ፤ አለዋውጦ አሰራቸው። ሽቦዎቹ በየቦታቸው ናቸው፤ መብራቱ እንደ ወትሮው ይሠራል። የተለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች እንደ ልማዱ ግማሽ ዙር አላላና ዘጋ። ይገዙ መንገድ ላይ ሊነካካ ቢሞክር መብራቱ እምቢ ይለዋል፣ አፍሮ ይመለሳል፣ ደግሞ አይነካም፤ ያሰበው ይህንን ነው። ከዚህ የባሰ ነገር ሊመጣ እንደሚችል አላሰበም። ወይም አስቦ ከራሱ ደብቆት ይሆናል፤ መደበቅ የለመደ ሰው ነው።

ሐምሌ 1930 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እማሆይ ተሳፋሪ ሞልታ ከግቢው ስትወጣ ይገዙ በመስኮቱ ብቅ አለ። «አበልጄ፣ ከዛሬ ወዲያ በትንሽ በትልቁ አላስቸግርህም» አለና ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ዱባለ አፉን ከፈተ። «ቆይ፣ ክሩ ተለዋውጧል» ለማለት ስንት ቃል ነው? ሦስት ቃል ነው። ሲኞር ቶዚ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዱባለ እጁን አውለበለበለትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በኋላ ከተረፉት ተሳፋሪዎች እንደተሰማው ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሆለታ ሲመለሱ ጉም መሬቱን ሸፍኖት ነበር። ኬላው ላይ ወታደሩ «መብራት አብራ» ሲል የፊቱም የኋላውም ጠፍቷል፤ የላሉት ሁለት ብሎኖች ወልቀው ሁለቱ ሽቦዎች ሳጥኑ ውስጥ ወድቀዋል። «ያለ መብራት አታልፍም» ተባለ። ይገዙ ግን አልደነገጠም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር አሉ። ወንበሩን አንሥቶ ሳጥኑን ከፈተ፣ ክሩን በጣቱ ዳበሰ፣ ቆጠረ። ሁለት ቋጠሮ ያለውን ለፊት መብራቱ ብሎን፣ ሦስት ያለውን ለፍሬኑ ሰጠና ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። እንደተማረው አደረገ፤ አንድም ነገር አላጠፋም።

መኪናዋ የቆመችው ዳገት ላይ ስለነበር ይገዙ እግሩን ከፍሬኑ አላነሣም። የፊት መብራቱ ማብሪያም ተከፍቷል፣ ፍሬኑም ተረግጧል፤ ስለዚህ ወታደሩ ሲዞራት ፊቷም ኋላዋም በርቶ አገኘው። «ሂድ» አለ። ነገር ግን ሽቦዎቹ ተለዋውጠዋል። አሁን የፊቱ መብራት የሚበራው ፍሬን ሲያዝ ነው፤ የኋላው ቀይ መብራት ደግሞ ፍሬን ተያዘም አልተያዘም ሳያቋርጥ ይበራል። ቀኑ ጨርሶ አልጨለመምና ይገዙ የፊቱን ቶሎ ልብ አላለም። ከኋላው ወታደር የጫነ ካሚዮን በጉሙ ውስጥ ያንን ቀይ መብራት ብቻ እያየ ይከተለዋል። ከመናገሻ ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ ከብቶች መንገዱን ሲያቋርጡ ይገዙ ፍሬን ያዘ። ከኋላ ላለው ሰው የተለወጠ ነገር የለም፤ ቀዩ እንደበራ ነው። ካሚዮኑ ሳይቀዘቅዝ መጥቶ የእማሆይን ጀርባ ደረመሰው።

ሁለት ጣሊያኖች ሞቱ። በኋላ ወንበር የተቀመጡ ሦስት ገበያተኞችም ሞቱ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው «ሁለት ሰው» ተብሎ ነው።

እማሆይን ጎትተው ኮልፌ ግቢ አስገቧት። በማግስቱ አንድ መኮንን አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ይገዙ ግራ ክንዱ ተሰብሮ፣ በጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ በሁለት ወታደር መካከል ቆሟል። መኮንኑ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አደጋ ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ? ሲኞር ቶዚ ዱባለን ጠራው። «ጥፋቱን ፈልግ» አለው።

ዱባለ ገባና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ሳጥኑን ከፈተ። ባለ ሁለቱ ከፊት መብራቱ ቦታ፣ ባለ ሦስቱ ከፍሬኑ ቦታ፣ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ታስሮ አገኘው። ክሩ ሁሉን ነገር ይናገራል፦ ይህ ሰው ምልክቱን አምኖ ነው የሠራው፤ ምልክቱን ያጣመመ ሌላ ነው። ይህን ክር አውጥቶ ለመኮንኑ ቢያሳይ ይገዙ ይተርፋል። የሚታሰረው ራሱ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ወረቀት ቆዳውን እንደ ፍም ፈጀው። መሸሻን አስታወሰ። ወርቅዬን አስታወሰ። ፒንሳውን አወጣና ሁለቱን ክሮች ቆርጦ መዳፉ ውስጥ ጨበጣቸው።

«የፊቱን ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት አገናኝቶታል» አለ ሲወጣ።

ይህ እውነት ነው። ከዚህ የከፋ እውነት ዱባለ በዕድሜው አልተናገረም።

መኮንኑ ይገዙን ወደ ሳጥኑ አስጠጋው። «አንተ ነህ ያገናኘኸው?»

ይገዙ ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለቱን ሽቦዎች ባዷቸውን አያቸው፤ ትናንት በጣቱ የዳበሰው ክር የለም። ቀና አለና ዱባለን አየው። ከዚያ ወደ ዱባለ የተጨበጠ እጅ ተመለከተ። ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሁልጊዜም ፈጣን ሰው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ማን አስተማረህ? ማን አዘዘህ?»

ይገዙ አንድ ስም ከጠራ ዱባለ አለቀለት፤ መጥራትም መብቱ ነው። ይገዙ ግን አስተርጓሚውን እያየ፣ ቃል በቃል እንዲያስተላልፍለት ቀስ ብሎ ተናገረ። «ማንም አላስተማረኝም። ይሄ ሰውዬ እንዳልነካ ነግሮኝ ነበር። አልሰማ ብዬ ነው።»

ሲወስዱት በዱባለ አጠገብ አለፈ። «ልጄን ሳምልኝ» አለው፤ ሌላ አልተናገረም። ወደ ሶማሌ አገር በረሃ፣ ወደ እስር ቤት እንደተላከ የተሰማው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የዱባለ ወረቀት በመስከረም ታደሰ። ተሻለች ደስ ብሏት ዶሮ ልትሠራ ስትነሣ «እንዳትሠሪ» ብሎ ጮኸባት፤ ለምን ብላ ጠየቀችው፣ አልነገራትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ሰዎች። የዱባለ ዝምታ ነቅዟል፤ ሰው ባያየው እሱ በየሌሊቱ ይሰማው ነበር።

በ1933 ጣሊያን ወጣ። ዱባለ ኮልፌ መንገድ ዳር የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። የሚያውቁት ሰዎች ጭንቅላቱ ተነካ እስኪሉ ድረስ ጠባዩ ተለወጠ። ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ነው የሚሠራው። በየሽቦው ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀይና ቢጫ ጨርቅ ያስራል፤ ሾፌር ቢፈልግ ባይፈልግ እጁን ይዞ እያስነካ «ይሄ የፍሬን ነው፤ በል ድገመው! ይሄ የፊት ነው፤ ድገመው!» እያለ ይጮኻል። ብሎን ካጠበቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ይሞክረዋል። ደንበኞች ይስቁበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ተረቱን እሱ ራሱ ስለ ራሱ ይተርተው ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረም።

በዓመቱ፣ ጾመ ፍልሰታ ውስጥ፣ ወለተጻድቅ ወደ ጋራዡ መጣች። ሰውነቷ አልቋል፤ ነጠላዋ ግን እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነጭ ነው። ከእስር የተፈቱ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ወደ አገር ሲገቡ ሰምታ በየመጡበት እየሄደች ትጠይቃለች። እስካሁን አየሁት ያላት የለም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከጉያዋ አንድ ነገር አወጣች።

«አበልጄ፣ እስቲ ይሄን እየው» አለች። «የወሰዱት ጊዜ ከፍራሹ ሥር ነው ያገኘሁት። መቁጠሪያው መሰለኝ። የንስሐ አባቴ እንዲህ ያለ መቁጠሪያ የለም ይሉኛል፤ አሥር ቋጠሮ ብቻ ነው ያለው። እኔ ግን የሱ ነው ብዬ በየቀኑ አቡነ ዘበሰማያት እደግምበታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ስዳብሰው አንዷ ቋጠሮ ተፈታች። አንተ የሸማኔ ልጅ ነህ፤ እንደነበረች አድርገህ ቋጥርልኝ።»

የአንድ ክንድ ያህል ክር ነው። ዱባለ በጣቱ ዳበሰው። አንድ ቋጠሮ። ራቅ ብሎ ሁለት። ራቅ ብሎ እንደገና ሁለት፣ ከአጠገባቸውም የተፈታችው የጠመመችበት ምልክት። መጨረሻ ላይ አራት። ይገዙ መሪውን ይዞ በዓይኑ የሰረቀውን ማታ ቤቱ ገብቶ እንዳይረሳው በክር ቋጥሮ አጥንቶታል። ሁሉም ልክ ነው። ዱባለ ክሮቹን ካለዋወጠበት ምሽት በፊት እንደነበረው፣ አንድም ሳይሳሳት።

«እዚህ ላይ ስንት ነበር?» አላት።

«ሦስት ነበር» አለች። «ስንቴ ቆጥሬዋለሁ! ሦስት ነው።»

ዱባለ ጣቶቹን በጨርቅ ጠረገ። አባቱ የተበጠሰ ድር እንደሚቀጥሉት አድርጎ ሦስተኛዋን ቋጠሮ ቋጠረ፤ ሁለት ጊዜ ስቦ እንደማትፈታ አየና በሁለት እጁ መለሰላት። ወለተጻድቅ ተቀብላ ሳመችው፣ ወደ ጉያዋም መለሰችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ስትነሣ። «ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ አበልጅህ ነው የቋጠረልኝ እለዋለሁ።»

«እሺ» አላት ዱባለ።